የበሬሳን ወንዝ በጠርሙስ ውሃ ብቻ መመርመር ለምን አይበቃም

ደብረ ብርሃን ላይ የበሬሳ ወንዝ ነገር በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ያው ነው፣ አንዱ ውሃው ሸተተ ቀለሙ ተቀየረ ይላል፣ ሌላው ደግሞ ኧረ ባክህ ሳምፕል ተወስዶ ታይቷል ከተፈቀደው መጠን አያልፍም ይላል፣ ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ውሃው ነው እኮ። የፋብሪካ ኬሚካል ከሆነ ጉዳዩ ግን ውሃው ከሁሉም ደካማው ምስክር ነው፣ ምክንያቱም ውሃ ይሄዳል። ዛሬ ጧት ድልድዩ ስር በጠርሙስ የቀዳኸው ውሃ የሚነግርህ ስለ ዛሬ ጧት ብቻ ነው፣ ትናንት ማታ የተለቀቀ ነገር ካለ እሱ አሁን ቁልቁል ወደ ጀማ እየወረደ ነው፣ ወይ ደግሞ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ተኝቷል፣ ወይ ትል በልቶታል፣ ትሉን አሳ በልቶታል፣ አሳውን ወፍ። የቀረው ነገር ያለው እዚያ ነው፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ሌላ ቦታ።

አካባቢውን ለማያውቅ ሰው፣ በሬሳ ከደብረ ብርሃን ዙሪያ ካለው ደጋ ተነስቶ ከተማዋን ታክኮ ያልፍና ወደ ጀማ ይገባል፣ ጀማ ደግሞ አባይ ይገባል። ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ካለው ብርድ ተነስቶ በረሃ ድረስ ማለት ነው፣ መንገዱ ላይ ከብት ይጠጣዋል፣ ሽንኩርትና ድንች ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል። ከተማዋ ደግሞ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ብርድ ልብስ ፋብሪካ አላት፣ ቆዳ ፋብሪካ አላት፣ ቢራ ፋብሪካ አላት፣ በ2011 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፣ ከዚያ ወዲህ የተተከለው ሼድማ ቁጥሩ ብዙ ነው። ስንት ልጅ እንጀራ የበላበት ነው፣ ፋብሪካ ይዘጋ የሚል ሰው ካለ እኔ አብሬው የለሁም። ማን ምን ለቀቀ የሚለውም የተቆጣጣሪ ሥራ ነው። እኔ የማወራው የሚለቀቅ ነገር ካለ የት እንደሚሄድና የት ብንፈልገው እንደምናገኘው ነው።

ነገሩ ሁለት ደረጃ አለው፣ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለቱን ያምታታል። የመጀመሪያው መጠራቀም ነው። አንድ ኬሚካል ወደ እንስሳ ገላ የሚገባበት ፍጥነት ከሚወጣበት ፍጥነት ከበለጠ እንስሳው በኖረ ቁጥር ይጠራቀምበታል፣ በቃ ሌላ ሚስጥር የለውም። ዲዲቲ እና ፒሲቢ የሚባሉት (ፒሲቢ የድሮ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ የሚገኘው ነው) ውሃ ውስጥ መሟሟት አይወዱም፣ ስብ ካገኙ እዚያ ይገባሉ፣ ከስብ ደግሞ ቶሎ አይወጡም። ሜቲል ሜርኩሪ (ባክቴሪያ የቀየረው የሜርኩሪ ዓይነት ነው) ሌላ ነው፣ እሱ ጡንቻ ላይ ፕሮቲን ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ስቡን ቆርጬ ጥዬ እበላለሁ፣ በደንብ እጠብሰዋለሁ ምናምን ማለት ለሱ አይሠራም። አንድ ሰው የበላው ሜቲል ሜርኩሪ ግማሹ እስኪወጣለት ወደ 50 ቀን ገደማ ይፈጃል፣ ሳምንት ሳምንት አሳ የሚበላ ሰው እንግዲህ የበፊቱ ሳይወጣ አዲስ ይጨምራል።

ሁለተኛው ደረጃ በመበላላት የሚመጣው ነው። አንድ ኪሎ አሳ ለመሆን በግምት አስር ኪሎ ትንንሽ ነፍሳትና ትል መበላት አለበት፣ አብዛኛው ምግብ ለመዋኘት ለመተንፈስ ለመኖር ይቃጠላል። መርዙ ግን አይቃጠልም። ወጥ እሳት ላይ ሲቆይ ውሃው ይተናል ጨው ግን እዚያው ስለሚቀር ጨው ጨው እያለ እንደሚሄደው ማለት ነው። የአስሩ ኪሎ ትል መርዝ አንድ ኪሎ አሳ ላይ ይሰበሰባል፣ አሳውን የሚበላው ትልቅ አሳ ላይ ደግሞ እንደገና፣ ትልቁን አሳ የሚበላው ወፍ ወይ ሰው ላይ እንደገና። ታች ላይ ኢምንት የነበረው ላይ ሲደርስ ገዳይ ይሆናል።

ይሄ የወረቀት ስሌት አይደለም፣ በደንብ ተለክቶ የታየ ነው (ከዚህ በኋላ የውጭ አገር ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው)። ካሊፎርኒያ ክሊር ሌክ የሚባል ሐይቅ ላይ ትንኝ ሰው አስቸገረ ተብሎ በ1949 የዲዲቲ ዘመድ የሆነ ዲዲዲ የሚባል ኬሚካል ተረጨ፣ በ1954 እና በ1957 ተደገመ። ትንኟ ትሙት እንጂ ሌላውን እንዳይነካ ተብሎ በጣም ቀጭን ተደርጎ ነው የተረጨው፣ ውሃው ውስጥ ከሚሊዮን እጅ 0.02 ብቻ። ፕላንክተኑ (ውሃው ላይ የሚንሳፈፉት ኢምንት ፍጥረታት) ላይ ሲለካ 5 ሆኖ ተገኘ። ግሪብ የሚባሉት አሳ በል የውሃ ወፎች በብዛት ሞተው ስባቸው ሲመረመር 1,600! ከውሃው 80,000 እጥፍ። የሚገርመው ደግሞ ከተረጨ ጥቂት ቆይቶ ውሃው ሲመረመር ኬሚካሉ አልተገኘም፣ ንፁህ ነው። በጠርሙስ ቢሄዱ ኖሮ ሐይቁ ጤነኛ ነው ብለው ፈርመው ይመለሱ ነበር፣ መርዙ ግን ጠፍቶ ሳይሆን ከውሃው ወጥቶ ሕይወት ያለው ነገር ውስጥ ገብቶ ነው።

አሁን ወደኛ እንምጣና እዚህ ጋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ሶሻል ሚዲያ ላይ ይሄን ታሪክ ያነበበ ሰው ሁሉንም ኬሚካል እንደዚያ አድርጎ ያወራል። በመበላላት እየበዛ ወደ ላይ የሚወጣው ግን ሁሉም አይደለም። ለምሳሌ ስለ ቆዳ ፋብሪካ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ክሮም ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳ ሲለፋ ከሚገባው ክሮም ውስጥ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ቆዳው ሳይዘው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል፣ ይሄ በየትኛውም አገር ያለ ነው፣ ለዚህ ነው ማጣሪያና ክሮም መልሶ መያዣ የሚያስፈልገው። ግን ክሮም እንደ ዲዲቲ ከትል ወደ አሳ ከአሳ ወደ ወፍ እየበዛ አይወጣም። ክሮም ሁለት ዓይነት አለው፣ ፋብሪካ የሚጠቀመው ባለ ሦስቱ (ክሮሚየም 3 የሚባለው) ውሃ ውስጥ ብዙም ሳይቆይ ደለል ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል፣ የበለጠ አደገኛው ባለ ስድስቱ (ክሮሚየም 6) ደግሞ ይሟሟል፣ ያገኘውን በቀጥታ ይጎዳል። እርሳስ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ካድሚየም ኩላሊትና ጉበት ውስጥ፣ እነሱም በአብዛኛው ወደ ላይ ሲሄዱ እየቀነሱ እንጂ እየጨመሩ አይደለም የሚሄዱት።

ታዲያ እፎይ እንበል? አይደለም። እነዚህ ብረቶች ታችኛውን ነው የሚመቱት። ድንጋይ ገልበጥ ስታደርግ የምታገኛቸው ስስ የሆኑ የነፍሳት እጮች አሉ፣ ኦክስጅን የሞላበት ንፁህ ውሃ ካልሆነ የማይኖሩ፣ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። የሚቀሩት ጭቃ ውስጥ የሚኖሩት ቀያይ ቀጫጭን ትል መሳይ እጮች ናቸው፣ የትንኝ መሳይ ዝንብ እጭ ናቸው፣ ቅላታቸው ልክ እንደኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላላቸው ነው፣ ስለዚህ አየር ባጠረበት ጭቃም ይኖራሉ። የሚኖሩት ግን ጭቃውን እየበሉ ነው፣ ክሮሙ ካድሚየሙ ያለው ደግሞ ጭቃው ላይ ነው። ስለዚህ ወፉም አሳውም የሚበላው ብዙ ዓይነት የነበረ ምግብ ጠፍቶ በጣም የተበከለችው አንዷ ምግብ ብቻ ትቀርለታለች። ይሄ ከላቦራቶሪ ሪፖርት ላይ አይታይም፣ ድንጋይ ገልብጦ ማየት ይፈልጋል፣ ያውም ነፃ ነው፣ አንድ ወንፊትና ነጭ ሳህን ይበቃል።

ሴሊኒየም የሚባለው ንጥረ ነገር ደግሞ በመሀል ያለ ተንኮለኛ ነው። ለሕይወት በጥቂቱ ያስፈልጋል፣ ትንሽ ሲያልፍ ግን መርዝ ነው፣ ምግብ ለምግብ እየተላለፈ እንቁላል ውስጥ ይገባል። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ቤሉስ ሌክ የሚባል ሰው ሠራሽ ሐይቅ በ1970ዎቹ ከድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ አመድ የወጣ ውሃ ገባበት፣ ውሃው ውስጥ የነበረው ሴሊኒየም በሊትር 10 ማይክሮግራም ገደማ ነው፣ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከ20 የአሳ ዝርያ 19ኙ ጠፉ። ትልልቆቹ አሳዎች ጤነኛ መስለው ይዋኙ ነበር እኮ፣ ችግሩ እንቁላላቸው ውስጥ ነበር፣ ልጆቹ ተበላሽተው ይወለዳሉ ወይ አያድጉም፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዘር አለቀ። ወንዝ ዳር ቆሞ አሳ ሲዘል አይቶ ይኸው አለ አይደል እንዴ የሚል ሰው ይሄን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

የሜርኩሪው ነገር ትንሽ ይጠምዛል፣ ግን ለደብረ ብርሃን ዓይነት ከተማ ዋናው ትምህርት ያለው እሱ ላይ ይመስለኛል። ሜርኩሪ ከተሰበረ የፍሎረሰንት መብራት፣ ከባትሪ፣ ከድሮ የሙቀት መለኪያ፣ ከከሰል ጭስ ይመጣል፣ ብቻውን ሲሆን ወደ ላይ የመውጣት ችሎታው ደካማ ነው። አደገኛ የሚሆነው ኦክስጅን የሌለው ጭቃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ሲቀይሩት ነው፣ ከነዚህ ዋነኞቹ ሰልፌት የሚባለውን ጨው የሚጠቀሙት ናቸው። አሁን አስቡት፣ የቢራ ፍሳሽ ገብስ ነው፣ እህል ነው፣ ምን ይጎዳል የሚል ሰው ስንቱ ነው። ልክ ነው መርዝ አይደለም፣ ግን እህልና ስኳር ነክ ቆሻሻ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ ባክቴሪያ ይበላዋል፣ ሲበላው ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ጭቃው ይታፈናል። የቆዳ ሥራ ፍሳሽ ደግሞ ሰልፌት የበዛበት ነው። ስለዚህ አንዱ ፍሳሽ ብቻውን ሲታይ ከባድ ባይመስልም ሁለቱ አንድ ወንዝ ላይ ሲገናኙ ከየትም የመጣን ትንሽ ሜርኩሪ ወደ መጥፎው ዓይነት የሚቀይር ሁኔታ ያመቻቻሉ። እያንዳንዱን ፋብሪካ ለየብቻ ቧንቧው አፍ ላይ ብቻ ስንለካው ይሄ መገናኘት በጭራሽ አይታየንም። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፣ ደረጃውን ያሟሉ አምስት ፍሳሾች ተደምረው ደረጃውን ያሟላ ወንዝ ይሆናሉ ብሎ የነገረን የለም፣ በተለይ በበጋ ወንዙ ራሱ ሲሳሳና የፍሳሹ ድርሻ ሲበዛ።

ሜርኩሪ አንዴ ከገባ ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ዋቢጎን የሚባል ወንዝ አለ፣ ድራይደን ከተማ ላይ ያለ የወረቀት ፋብሪካ ኬሚካል ክፍል ከ1962 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ወደ 9 ቶን የሚጠጋ ሜርኩሪ ለቀቀበት። ከታች ያሉት የግራሲ ናሮውስ ነባር ሕዝቦች ኑሯቸው አሳ ነበር፣ እጅ መንቀጥቀጥ፣ የዓይንና የጆሮ ችግር፣ ሚዛን መሳት መጣ። ፋብሪካው መልቀቅ ካቆመ 50 ዓመት አለፈ፣ አሳው ግን እስካሁን አልጠራም፣ ምክንያቱም ጭቃው ቀስ እያለ እየመለሰ ይለቀዋል። ውሃው በስንት ሺህ ጊዜ ተለዋውጧል እዚያ ወንዝ ላይ!

የፈረንጅ ታሪክ ነው ለምትሉ ወደ ዝዋይ ልውሰዳችሁ። በስምጥ ሸለቆው ዲዲቲ ለወባ ለብዙ ዓመት ተረጭቷል፣ እርሻም ላይ የተለያየ ፀረ ተባይ አለ። በፈረንጅ 2014 የወጣ አንድ ጥናት ከዚያ አካባቢ 4 የወፍና 5 የአሳ ዓይነቶች ወስዶ ለካ። ጠቅላላው ፀረ ተባይ አሳዎቹ ላይ በአንድ ግራም ስብ ከ0.04 እስከ 10.9 ማይክሮግራም ነበር፣ ወፎቹ ላይ ከ3.7 እስከ 148.7። አብዛኛው የዲዲቲ ስባሪ የሆነው ዲዲኢ ነው፣ የወፍ እንቁላል ቅርፊት የሚያሳሳው እሱ ነው፣ እናትየው ስትቀመጥበት ይሰበራል። ማን ማንን እንደሚበላ ደግሞ በግምት ሳይሆን ሥጋቸው ውስጥ ባለው የናይትሮጅን ዓይነት ነው ያወቁት፣ ከባዱ ናይትሮጅን በእያንዳንዱ የመብላት ደረጃ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል፣ እሱ በጨመረ ቁጥር ዲዲቲውም ጨምሮ ተገኘ። እዚሁ አገራችን ውስጥ የመበላላቱ መሰላል ቁልጭ ብሎ ታየ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሰሜን ሸዋ ሰው የሚለው ይታወቃል፣ እኛ አሳ የት እንበላለን? እውነት ነው፣ ደጋው ላይ ብዙ ሰው አሳ የሚያየው በጾም ሆቴል ውስጥ ነው፣ እሱም ከሌላ ቦታ የመጣ። ግን ሰንሰለቱ በአሳ ብቻ አይደለም የሚሄደው። ያ ቀዩ የጭቃ እጭ አድጎ ክንፍ አውጥቶ ከውሃው ይወጣል፣ ዝንብ ሆኖ ወንዝ ዳር ያለ ሸረሪት ድር ውስጥ ይገባል፣ በአየር ላይ እየቀለቡ የሚበሉት ትናንሽ ወፎችና የሌሊት ወፎች ይበሉታል። አሜሪካ ሃድሰን ወንዝ ላይ ጀነራል ኤሌክትሪክ የሚባለው ኩባንያ ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1977 ብዙ መቶ ቶን ፒሲቢ ለቅቆ በ1976 አሳ ማጥመድ ተከለከለ፣ በኋላ ወንዝ ዳር የሚኖሩ አሳ የማይነኩ ወፎች እንቁላል ውስጥም ፒሲቢ ተገኘ፣ ያደረሰው ዝንብ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ረግረጉ ላይ ትል እየለቀመ የሚውለው፣ እየጮኸ በመንጋ የሚያልፈው ምንቃሩ ቆልመም ያለው አይቢስ አለ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ የትም የሌለ ወፍ ነው፣ ሳቢሳውም አለ። እነሱ ናቸው የኛ አሳ በላተኞች።

ከዚያ ደግሞ ላሟ አለች። ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሲወጣ ጭቃውን ሜዳው ላይ ይተወዋል፣ በመስከረም ሣሩ ከዚያ ጭቃ ላይ ይበቅላል፣ ላም ሣር ስትግጥ አፈር አብራ ትበላለች። ስብ ወዳድ የሆኑት ኬሚካሎች ከላም የሚወጡበት ዋናው መንገድ የወተት ስብ ነው፣ ስለዚህ ቅቤው ላይ ይሰበሰባሉ። ለክሮምና ለካድሚየም ወተቱ ብዙም አይደለም፣ ለነሱ ቅጠላ ቅጠልና ሥራሥሩ ነው የሚታየው፣ በተለይ ካድሚየም ጎመንና ሰላጣ ይወዳል። አሳ አልበላም ያለ ሰው ቅቤና ጎመን ይበላል።

ታች ቆላ ላይ ሲደርስ ደግሞ የአሳው ነገር ይመጣል። ጀማና አባይ ውስጥ አሳ አለ፣ የሚያጠምድም አለ፣ ከዚያም አልፎ የአባይ ውሃ ሄዶ የሚጠራቀምበት የህዳሴ ግድብ ንጋት ሐይቅ አለ፣ የአሳ ልማት ትልቅ ተስፋ ተጥሎበታል። አዲስ ግድብ ሲሞላ ሰምጦ የሚበሰብስ ዛፍና ሣር ጭቃውን አየር ያሳጣዋል፣ ሜርኩሪ ቅየራውም ይጨምራል፣ ካናዳ ኩቤክ ውስጥ ላ ግራንድ በሚባለው ወንዝ ግድቦች ላይ አዳኝ አሳዎች ሜርኩሪያቸው ከፍ ብሎ ለመመለስ ከ20 እስከ 30 ዓመት ፈጅቶባቸዋል፣ ያለ ምንም ፋብሪካ። ንጋት ላይም እንዲህ ሆኗል እያልኩ አይደለም፣ ሙቀቱም አፈሩም ሌላ ነው፣ ግን ከአሁኑ እየለኩ መሄድ ርካሽ ነው። አልጌ የሚበላው ቆሮሶ የሚባለው አሳ መሰላሉ ላይ ዝቅ ብሎ ስለሆነ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው የሚይዘው፣ ሌላ አሳ የሚበላና ብዙ ዓመት የኖረ ትልቅ አሳ ላይ ነው ትኩረቱ መሆን ያለበት፣ ገበያ ላይ ደግሞ ውድ የሚሆነው እሱ ነው መቼስ።

እንግዲህ ምን ይለካ? ሌላው ዓለም ከጠርሙስ ከወጣ ቆይቷል። አሜሪካ በ2001 ለሜቲል ሜርኩሪ መስፈርት ስታወጣ በሊትር ውሃ ሳይሆን በአሳ ሥጋ ነው ያወጣችው፣ በኪሎ 0.3 ሚሊግራም፣ በ2016 ለሴሊኒየምም ቅድሚያውን ለአሳ እንቁላል ሰጠች፣ ውሃው በኋላ ነው የሚታየው። የአውሮፓ ኅብረት የአሳ ገበያውን የሚቆጣጠረው በሥጋው ነው። እኛ ጋ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ሕግ አልጠፋም፣ የጠፋው የት እንፈልግ የሚለው ነው።

ለበሬሳ የሚሆነው ብዙ አይደለም። ከከተማው በላይ ፋብሪካ ያልነካው አንድ ቦታ፣ ከፍሳሾቹ መገናኛ በታች አንድ ቦታ፣ ጀማ ከመግባቱ በፊት አንድ ቦታ። በየቦታው ከላይ ያለው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጭቃ፣ ቀዩ እጭ ተለቅሞ፣ አሳ ካለ አሳ፣ ወንዝ ዳር የበቀለ ጎመንና ከዚያ ሣር የምትግጥ ላም ቅቤ። በዓመት ሁለቴ ቢሆን ይበቃል፣ ግንቦት ላይ ክረምት ሳይገባ ወንዙ ሲሳሳ፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ ጎርፉ ጭቃውን ገልብጦ ካለፈ በኋላ፣ ምክንያቱም ክረምት የከተማውን ጭቃ ጠራርጎ ወደ ታች ስለሚወስደው ጥቅምት ላይ ከከተማው ስር የተወሰደ ጭቃ ብቻውን ጥሩ ውጤት ቢያሳይ እንኳን መርዙ አገር ቀየረ ማለት ሊሆን ይችላል፣ የታችኛው ቦታ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ተማሪ በየዓመቱ የመመረቂያ ርዕስ ይፈልጋል፣ ናሙናውን እነሱ ይልቀሙት፣ የብረት ምርመራው ወጪ ደግሞ ከፋብሪካዎቹ ይሰብሰብ፣ ፈቃድ ሲታደስ የቧንቧ አፍ ውጤት እንደሚጠየቀው የጭቃውና የቀዩ እጭ ውጤትም አብሮ ይጠየቅ፣ ውጤቱም ወረዳው ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ ሳይሆን ለጠጪውና ለአጠጪው ገበሬ በአማርኛ ተጽፎ ቀበሌ ላይ ይለጠፍ።